ሠላሳ ጥርስ፦ የቡና መቁያ ማርሽ በቤት ውስጥ መሥራት

ገበያ ላይ የሚገኝ ተራ ዲናሞ በደቂቃ 1,400 ጊዜ ገደማ ይዞራል። ከበሮ ውስጥ የሚቆላ ቡና ደግሞ በደቂቃ 50 ዙር ይበቃዋል። ከበሮው ከመጠን በላይ ከፈጠነ ፍሬው መገላበጡን ይተውና ከግድግዳው ጋር ተለጥፎ ይዞራል፤ ስፋቱ 30 ሴንቲ ሜትር በሆነ ከበሮ ይህ የሚሆነው ፍጥነቱ በደቂቃ ወደ 77 ዙር ሲጠጋ ነው። ከበሮው ከዘገመ በእሳቱ በኩል ያለው ፍሬ ያርራል፣ ከላይ ያለው ጥሬውን ይቀራል። ስለዚህ በዲናሞውና በከበሮው መሐል ፍጥነቱን የሚያወርድ ነገር መግባት አለበት።

ቺንጋና ፑሌጃ መጀመሪያ የሚታሰብ ነገር ነው። ዲናሞው ላይ የ5 ሴንቲ ሜትር ፑሌጃ ብናስር ከበሮው ላይ የሚታሰረው 1 ሜትር ከ40 ሊሆን ነው። በሁለት ደረጃ ከፍሎ ማሳነስ ይቻላል፤ ግን ቦታ ይፈጃል፣ እሳት አጠገብ የሚውል ቺንጋም ዕድሜ የለውም። የተሻለው መንገድ ጥምዝ ዘንግና ጥርስ ያለው ጎማ ነው። ዘንጉ ወፍራም ቡሎን ይመስላል፤ ጥምዙ ከጎማው ጥርስ ጋር ይነካከሳል። ዘንጉ አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር ጎማው የሚራመደው አንድ ጥርስ ብቻ ነው። ጎማው 30 ጥርስ ካለው፣ 1,400 ዙር ለ30 ተካፍሎ 47 ገደማ ይወጣል። ሁለት እጅ በሚሞላ ሳጥን ውስጥ ነገሩ ያልቃል። አዲስ አበባ መንገድ ላይ ዛሬም የሚታዩት አሮጌ ቮልሶች የመሪ ሳጥን ውስጥም የዚሁ ዘመድ የሆነ ጥምዝ ዘንግ አለ።

እንዲህ ያለ ሳጥን ተሠርቶ የመጣ ገዝቶ መግባት ይቻላል። ለመሥራት የተነሣሁት ግን ሳጥኑን ለማግኘት ብቻ አይደለም፤ ቶርኖ መማር እፈልግ ነበር። ብረት መቁረጥ የሚጀምር ሰው ብዙውን ጊዜ በነጠላ ዕቃ ይጀምራል፤ ቡሎን፣ የመዶሻ እጀታ፣ የሻማ ማስቀመጫ። ነጠላ ዕቃ ይቅር ባይ ነው። በ0.1 ሚሊ ሜትር የሳተ የሻማ ማስቀመጫ ሻማውን ይይዛል። በ0.1 የሰፋ የኩሽኔታ ቤት ግን ኩሽኔታውን መያዝ ያቅተዋል፤ ኩሽኔታው በቤቱ ውስጥ ሲዞር ዘንጉ ይወላገዳል፣ ዘንጉ ሲወላገድ ጥርሱ ይበላል። ማርሽ ሳጥን ውስጥ እያንዳንዱ ቁራጭ ጎረቤቱን ይመረምራል። ቶርኖ ላይ እጁን ማፍታታት ለሚያስብ ሰው ከነጠላ ዕቃ ይልቅ አንድ ሙሉ የሚዞር ነገር ይዞ እንዲጀምር የምመክረው ለዚህ ነው።

ቤት ውስጥ ብረት መቁረጥ በሌላው ዓለም የቆየ ነገር ነው። ፐርሲቫል ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1898 ለንደን ውስጥ «ሞዴል ኢንጂነር» የተባለውን መጽሔት ያቋቋመው ከሥራ መልስ በጓዳቸው ትንንሽ የእንፋሎት ሞተር ለሚሠሩ ሰዎች ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በኖቲንግሃም አጠገብ ቢስተን ላይ የተሠራው ማይፎርድ ኤም ኤል 7 ቶርኖ የብዙ እንግሊዛውያን የጓሮ ክፍል ውስጥ ገባ። አሜሪካዊው ዴቪድ ጊንጀሪ ደግሞ ቶርኖ መግዛት ለማይችለው አሰበ። በተከታታይ መጻሕፍቱ መጀመሪያ በከሰል የሚሠራ ማቅለጫ፣ ቀጥሎ ከቁርጥራጭ አሉሚኒየም የሚወጣ ቶርኖ፣ ከዚያ በዚያው ቶርኖ የሚሠሩ ሌሎች ማሽኖችን እያስከተለ አስተማረ። የሚያኮራ ሐሳብ ነው፤ መሣሪያ የሌለው ሰው መሣሪያውን በመሥራት ይጀምራል።

እኛ ዘንድ ቶርኖ የድርጅት ዕቃ ነው። ዕውቀቱ ያለው ቶርኖ ቤት ውስጥ፣ በባለሙያው እጅ ነው። ልጁ መጥረጊያ ይዞ ፍቅፋቂ እየጠረገ፣ ዓይኑን ከማሽኑ ሳይነቅል ዓመታት ይቆያል፤ አንድ ቀን «ና እስቲ ያዝ» ይባላል። ይህ መንገድ ብርቱ ባለሙያዎች አፍርቷል፣ እኔም በታላቅ አክብሮት ነው የማየው። ነገር ግን በዚያ በር ያልገባ ሰው ከውጭ ይቀራል። መጥረጊያ የሚይዝበት ዕድሜ ያለፈው መምህር፣ ቀን ቢሮ የሚውል ሰው፣ ቶርኖ ቤት ደጃፍ መቆም የሚከብዳት ልጅ የት ይማሩ? ሲግን የመሳሰሉ የቻይና ፋብሪካዎች የሚሠሯቸው 40 ኪሎ ገደማ የሚመዝኑ፣ በቤት ሶኬት የሚሠሩ ትንንሽ ቶርኖዎች ለዚህ ጥያቄ መልስ መሆን ይችላሉ። ሥራ የሚበዛበትን ቶርኖ ቤት አይተኩም። አንድ ሰው በራሱ ጊዜ፣ በራሱ ፍጥነት እንዲማር ግን ይበቃሉ።

ጎረቤቴ የሆኑ፣ ተግባረ ዕድ ተምረው ዕድሜያቸውን በፋብሪካ ማሽን ክፍል ያሳለፉ ሽማግሌ አሉ። ጋሼ እላቸዋለሁ። ሰርቪስ ቤቷ ውስጥ የተቀመጠችውን ትንሽ ቶርኖ ሲያዩ ጣታቸውን በሐዲዷ ላይ አሳለፉ፣ ቻኳን በእጃቸው አዞሩ፣ ጆሯቸውን አዘንብለው አዳመጡ። «ቀላል ናት» አሉኝ፤ «ቀላል ማሽን አይቸኮልባትም። ብዙ አታጉርሳት፣ ደጋግመህ አጉርሳት።» ቀጥለው እጅጌዬን ወደ ክርኔ ሰበሰቡልኝ። ጓንት አድርጎ ቶርኖ ላይ መቆም፣ ነጠላ ወይም ሻርፕ አንጠልጥሎ መጠጋት፣ የቻክ ቁልፍ ሰክቶ መዞር እጅና ዓይን ያሳጣል። ስለዚህ ብዙ አልጽፍም፤ የሚጀምር ሰው ግን ከምንም ነገር በፊት ይህን ይወቅ።

ቁጥሮቹ

የጥርስ መጠን የሚለካው ሞዱል በሚባል ቁጥር ነው። የጎማው መነካከሻ ክብ ስፋት በሚሊ ሜትር ተለክቶ ለጥርሱ ቁጥር ሲካፈል ሞዱሉ ይገኛል። ለዚህ ሥራ የሚስማማው ሞዱል 1.5 ነው፤ ምክንያቱን ጥቂት ቆይቼ እነግራለሁ። ሞዱል 1.5 በ30 ጥርስ ሲባዛ የጎማው መነካከሻ ክብ 45 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የዘንጉን መነካከሻ ክብ 18 አደረግሁት። የሁለቱ ድምር ግማሽ፣ ማለትም 31.5 ሚሊ ሜትር፣ በሁለቱ ዘንጎች ማዕከል መካከል ሊኖር የሚገባው ርቀት ነው። ከሳጥኑ ቁጥሮች ሁሉ ይህኛው አለቃ ነው። ርቀቱ ከጠበበ ጥርሶቹ ይታነቃሉ፤ ከሰፋ ጫፍ ለጫፍ ብቻ እየተነካኩ ይፋጃሉ።

ጥምዙ በዘንጉ ላይ የሚጋደምበት ማዕዘን ከእነዚሁ ቁጥሮች ይወጣል፤ 4.8 ዲግሪ ገደማ ነው። ለጥ ያለ ማዕዘን ነው። ከዚህ የተነሣ ዘንጉ ጎማውን ያዞራል፣ ጎማው ግን ዘንጉን ማዞር አይችልም፤ ሰበቃው ይይዘዋል። ይህ ባሕርይ ሸክም ለሚያነሣ ማሽን በረከት ነው። ለቡና መቁያ ምን እንደሚያመጣ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። ዋጋም ያስከፍላል፦ በእንዲህ ዓይነት ለጥ ያለ ጥምዝ ከሚገባው ጉልበት ግማሽ ያህሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። የ180 ዋት ዲናሞ ለ2 ኪሎ ቡና ትርፍ ጉልበት ስላለው ብክነቱ አያሳስብም፤ ሳጥኑ ግን ሙቀቱን የሚያስወጣ ግድግዳና በቂ ዘይት ይፈልጋል።

ወደ ሞዱል 1.5 ልመለስ። ጥምዙ በአንድ ዙር የሚራመደው ርዝመት ሞዱሉ በፓይ ሲባዛ ነው፤ 4.712 ሚሊ ሜትር። የትንሿ ቶርኖ መሪ ዘንግ ደግሞ በአንድ ዙር 1.5 ሚሊ ሜትር ይራመዳል። ስለዚህ ቻኩ አንድ ጊዜ ሲዞር መሪው ዘንግ ልክ ፓይ ያህል መዞር አለበት። ፓይን በሙሉ ጥርስ ማውጣት አይቻልም። ከትምህርት ቤት የምናውቀው 22 ለ7 ግን ይቀርበዋል፤ ከቶርኖዋ ጋር በሚመጡት ተቀያያሪ ጥርሶች ደግሞ በትክክል ይገኛል። 55 ጥርስ 35ቱን ይነዳል፣ 80 ጥርስ 40ውን ይነዳል፤ 55 ለ35፣ 11 ለ7 ነው፣ 80 ለ40 እጥፍ ነው፣ ሲባዙ 22 ለ7። በአንድ ዙር ያለው ስሕተት ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺኛ ሁለቱ አይሞላም። በጥቂት ዙር ጥምዝ ላይ ይህን የሚያህል ልዩነት የዘይቱ ሽፋን ይውጠዋል። በልጅነቴ ለፈተና የሸመደድኩት ክፍልፋይ የብረት ጥርስ ሆኖ እጄ ላይ ሲዞር የተሰማኝን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ብረትና ነሐስ

ዘንጉ ከብረት፣ ጎማው ከነሐስ ይሠራል። ሁለቱም ብረት ቢሆኑ እየተፋተጉ ይያያዛሉ። ነሐሱ ለስለስ ስለሚል እሱ ቀስ እያለ ይበላል፤ ለመተካት የሚቀለውም እሱ ነው። ምናለሽ ተራ ሄዶ የተጣለ ማሽን ወፍራም የነሐስ ቡሽ መፈለግ ይቻላል። ሻጩ «ነሐስ ነው» ብሎ የሚያወጣው ሁሉ ነሐስ አይደለም፤ ናሱም አለ። በሞረድ ጫፉን ፈቅፍቆ ቀለሙን ማየት ይረዳል፦ ነሐሱ ወደ ቀላ ያደላል፣ ናሱ ቢጫነቱ ይጎላል። ለዘንጉ የመኪና አክስል ጥሩ ብረት ነው፤ ላዩ ግን ጠንክሮ የተሠራ ስለሆነ እንዳለ ሲቆረጥ መቁረጫውን ይበላል። በከሰል እሳት ቀይ እስኪሆን አሙቆ፣ አመድ ውስጥ ቀብሮ ማሳደር ያለሰልሰዋል።

ጥምዙን የሚያወጣው መቁረጫ በሞላላ ድንጋይ ተስሎ ሁለቱ ጎኖቹ 40 ዲግሪ እንዲከፈቱ፣ ጫፉ 1 ሚሊ ሜትር ስፋት እንዲኖረው ይደረጋል። ጥልቀቱ 3.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ለዚች ቶርኖ ከባድ ሥራ ነው። መሣሪያው በአንድ ዙር ወደ 5 ሚሊ ሜትር ይሸሻል፤ ቶርኖዋ በዝቅተኛ ፍጥነቷ ብትዞር እንኳ ከትከሻው ላይ ደርሶ ለማቆም ጊዜ የለም። ጋሼ ገና ሳይነሣ መፍትሔውን ያውቁት ነበር። «ዲናሞውን ተወው፣ በእጅህ አዙረው» አሉ። ከቻኩ በስተኋላ፣ ባዶው ዘንግ ውስጥ የሚወጠር የእጅ መዘውር ተሠራ። ከዚያ በኋላ ሥራው ጸጥ ያለ ነው፦ አንድ እጅ መዘውሩን ያዞራል፣ ሌላው በብሩሽ ዘይት ይቀባል። ፍቅፋቂው እንደ ሪባን እየተጠቀለለ ይወጣል። በእጅ ሲዞር ብረቱ የሚቋቋምበት ቦታ ሁሉ በክንድ ይታወቃል፤ የደነዘ መቁረጫ ከድምፁ በፊት ክብደቱ ይናገራል። ዲናሞ ይህን ስሜት ይውጠዋል።

ከዚያው አቀማመጥ ሳይነሣ ሁለተኛ ጥምዝ መቁረጥ ያስፈልጋል። ይህኛው ለሳጥኑ አይደለም፤ የጎማውን ጥርስ የሚያወጣው ቆራጭ ነው። መልኩ የዘንጉ መንትያ ሆኖ ውፍረቱ ብቻ ይለያል። ዘንጉ ከዳር እስከ ዳር 21 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ቆራጩ 21.75 ነው፤ ትርፏ በጥርሱ ሥር ለዘይት ክፍተት ትተዋለች። የሚሠራው በሙቀት ከሚጠነክር የመሣሪያ ብረት ነው። በርዝመቱ ጎድጎድ ያሉ መስመሮች ሲወጡበት እያንዳንዱ ጥምዝ ወደ ተከታታይ ስለቶች ይለወጣል።

ማጠንከሩ የማታ ሥራ ነው። በቀን ብርሃን የጋለ ብረት ቀለም አይታይም። ከሰሉ በወናፍ ይነፋል፤ ቆራጩ በሽቦ ተንጠልጥሎ መሐል ይገባል። ጥቁሩ ብረት መጀመሪያ እንደ ደረቀ ደም ይጠቁራል፣ ቀጥሎ ይቀላል። ልኩን የሚያሳይ ቀላል ፈተና አለ፦ ብረት 770 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም። ማግኔቱን በረዥም ሽቦ አስሮ ማስጠጋት ነው። መሳቡን ሲተው ጥቂት ተጨማሪ ሙቀት ይሰጠውና ቀጥ ብሎ ዘይት ውስጥ ይነከራል። ያጋደለ ይጣመማል። ከዘይቱ ሲወጣ ሞረድ ላዩ ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይነክሰውም። እንዲህ እንደ ጠነከረ ቢቀር ግን ተሰባሪ ነው፤ ስለዚህ ላዩ በአሸዋ ወረቀት ይጸዳና የገለባ ቀለም እስኪይዝ በዝግታ ይሞቃል። ያ ቀለም የሚታየው ከ220 እስከ 230 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጋሼ ቴርሞ ሜትር አልጠየቁም። ቀለሙ ከጫፍ እየተሳበ ሲመጣ አይተው «በቃ!» አሉ።

የነሐሱ ጎማ ጥርስ የሚወጣው በሁለት ምዕራፍ ነው። መጀመሪያ ዙሪያውን 30 ቦታ እኩል ተከፍሎ፣ በጥምዙ ማዕዘን ልክ ያጋደሉ ጎድጓዶች ይቆረጡበታል። እኩል ለመክፈል ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። 60 ጥርስ ያለው ማርሽ ከዘንጉ ጋር ታስሮ፣ አንዱን ጥርስ እየዘለሉ በሹል ማቆሚያ መያዝ 30 እኩል ክፍል ይሰጣል። ቀጥሎ ቆራጩ በቶርኖዋ ሁለት ጫፎች መካከል ይታሰራል፤ ጎማው ፊት ለፊቱ በቆመ ዘንግ ላይ ነፃ ሆኖ ይቀመጣል። ቆራጩ መዞር ሲጀምር ጎድጓዶቹን ይዞ ጎማውን ራሱ እየጎተተ ያዞረዋል። እየተጠጋ ሲሄድ ሁሉንም ጥርስ እኩል እየጠረበ ቅርጽ ያስይዛል። ጎድጓዶቹ ባይቀድሙ ቆራጩ መንገዱን ራሱ ይመርጣል፣ 29 ወይም 31 ጥርስ ሊያወጣም ይችላል። ነሐሱ ሲቆረጥ ፍቅፋቂው አይጠቀለልም፤ እንደ ሻካራ ወርቃማ ዱቄት ይረግፋል። በዓይን ፊት፣ ያለ ማንም እጅ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን እየተቃኙ ሲዞሩ ማየት ከዚህ ሥራ ሁሉ የምወደው ነው።

በአንድ አያያዝ

ሳጥኑ ከአሉሚኒየም ነው። ድስት የሚያፈሱ ሰዎች አሮጌ ፒስተን አቅልጠው የእንጨት ቅርጽ በተሰጣቸው ልክ ያፈሱታል። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። የፒስተን አሉሚኒየም ሲሊኮን ስለሚበዛበት ቅርጹን በደንብ ይሞላል፣ ሲቆረጥም አይለጠፍም። ሲቀዘቅዝ ከ1 በመቶ በላይ ስለሚኮማተር የእንጨቱ ቅርጽ ከሚፈለገው ከፍ ብሎ ይሠራል።

የሳጥኑ መቀመጫና የክዳኑ መጋጠሚያ ለጥ ያሉ መሆን አለባቸው። ጆሴፍ ዊትዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1840 ግላስጎ ላይ ባቀረበው ጽሑፍ ያስረዳው ዘዴ የዘመናዊ ልኬት ሁሉ ሥር ነው፦ ሦስት ሰሌዳዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ ሲነጻጸሩና ከፍ ያለው ሲፋቅ፣ ሦስቱም እርስ በርስ የሚገጥሙት ሦስቱም ፍጹም ለጥ ሲሉ ብቻ ነው። ሁለት ብቻ ቢሆኑ አንዱ ጎድጉዶ ሌላው አብጦ ሊገጥሙ ይችላሉ፤ ሦስተኛው ነው የሚያጋልጣቸው። ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው ወፍራም የመስኮት መስታወት ላይ የአሸዋ ወረቀት ዘርግቶ መፈግፈግ በቂ ነው።

ዋናው ፈተና ሁለቱን ቀዳዳዎች መብሳት ነው። ዘንጎቹ አይገናኙም፤ አንዱ ከሌላው አጠገብ በ31.5 ሚሊ ሜትር ርቀት፣ በ90 ዲግሪ ያልፋሉ። እዚህ ላይ ነው ጋሼ በርጩማ ስበው የተቀመጡት። እኔ ካሊፐሬን ይዤ የሳጥኑን ጠርዝ ስለካ አዩኝና «አንተ ቁጥር ታሳድዳለህ» አሉ። «ጠርዙን ማን አስተካክሎልህ ነው ከእሱ የምትለካ? ቀዳዳውን ከቀዳዳው ለካው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ቀዳዳ ከዳር እስከ ዳር፣ ሁለቱንም ግድግዳ አቋርጦ፣ ሳጥኑ ሳይነቀል ይቆረጣል። ግማሹን ቆርጦ፣ አዙሮ ከሌላው ወገን መቁረጥ ቀላል ይመስላል፤ ሁለቱ ወገኖች ግን በፍጹም አይገጥሙም። ከዚያ ልኩ 20 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ለዚሁ ተብሎ የተቆረጠ ዘንግ ወደ ቀዳዳው ይገባና ቀጥ ብሎ እንዲቆም ሳጥኑ ይዞራል፤ መቆሙ በማዕዘን ይረጋገጣል። ሁለተኛ ባለ 20 ዘንግ በቶርኖዋ ጫፎች መካከል ይታሰራል። ሁለቱ ዘንጎች ከማዕከል ማዕከል 31.5 እንዲራራቁ፣ በሆዳቸው መካከል 11.5 ሚሊ ሜትር ክፍተት መኖር አለበት። 11.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ በቶርኖዋ ይሠራል። ተንሸራታቹ ቀስ እያለ ይጠጋል፤ ቁራጩ በሁለቱ መካከል ሲጎተት ልክ እንደ አዲስ መጽሐፍ ገጽ ጥቂት እስኪይዝ። እዚያ ላይ ይቆለፋል። የሳጥኑ ውጫዊ ጠርዝ የትም ይሁን የት ለውጥ አያመጣም።

ማሽኑ ርካሽ ነው፣ መደቡም ይርገበገባል፤ የሚሠራው ነገር ግን ትክክል ሊሆን ይችላል። ምክንያቱም ትክክለኛነቱ የሚመጣው ከማሽኑ ዋጋ ሳይሆን ከቅደም ተከተሉ ነው፤ ምን ከምን ተለካ፣ የትኞቹ ቁርጦች በአንድ አያያዝ አለቁ፣ የትኛው ቁራጭ ሌላውን ጠብቆ ተሠራ። የክዳኑ ዙሪያና የኩሽኔታው ቤት ሳይነቀሉ አብረው ከተቆረጡ ማዕከላቸው አንድ ነው፤ ማንም ባይለካውም አንድ ነው። የኩሽኔታውን ቤት ቁጥር 35 ሚሊ ሜትር ብሎ ከመቁረጥ፣ ኩሽኔታውን አጠገብ አስቀምጦ በአውራ ጣት ተገፍቶ እስኪገባ መሞከር ይሻላል።

ሲገጣጠም የነሐሱ ጎማ ከዘንጉ መሐል ላይ መዋል አለበት። የሚታየው በቀለም ነው፦ ዘንጉ ላይ ስስ ሰማያዊ የዘይት ቀለም ተቀብቶ በእጅ ሲዞር በነሐሱ ጥርሶች ላይ አሻራውን ይተዋል። አሻራው ወደ አንድ ዳር ካዘነበለ ጎማው በስስ ቁራጭ ወደ ጎን ይገፋል። የመጠጥ ቆርቆሮ ግድግዳ ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ በመቀስ ተቆርጦ ለዚህ ይሆናል። ዘይቱም ይመረጣል። ለዘመናዊ የመኪና ዲፈረንሻል የሚመከሩ አንዳንድ ዘይቶች ውስጥ ያለው ድኝ ነሐስን ስለሚጎዳ፣ ለነሐስ ተስማሚ መሆኑ የተጻፈበትን መውሰድ ነው። ሳጥኑ መጀመሪያ ያለ ጭነት ሲዞር ዘይቱ ውስጥ ወርቃማ ብናኝ ይታያል፤ ጥርሶቹ እየተላመዱ ነው። ያ ዘይት ይደፋና አዲስ ይሞላል።

መብራት ሲጠፋ

የቡና ፍሬ 196 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መንጣጣት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ያሉት ደቂቃዎች ናቸው ቡናውን የሚያወጡት ወይም የሚያበላሹት። በዚያች ሰዓት መብራት ከጠፋ ዲናሞው ይቆማል፤ ከሰሉ ግን አይጠፋም። ሌላ ማርሽ ቢሆን ከበሮውን በእጅ ይዞ ማገላበጥ ይቻል ነበር። ይህ ለጥ ያለ ጥምዝ ግን ጎማውን ቆልፎ ይዞታል፤ ከበሮው ላይ የፈለገውን ያህል ሰው ቢንጠለጠል አይነቃነቅም። የጥምዙን ዘንግ በእጅ ማዞርም አያዋጣም፤ ከበሮው አንዴ እንዲገላበጥ 30 ጊዜ መዞር አለበት።

ይህን ችግር በውጭ አገር መጻሕፍት ውስጥ አላገኘሁትም፤ የእኛ ነው፣ መፍትሔውም ከእኛ መምጣት ነበረበት። ከሳጥኑ የሚወጣው ዘንግና የከበሮው ዘንግ በአንድ እጅጌ ተያይዘው 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ፒን ተወጉ። ፒኑ ቀለበት ያለው ጭንቅላት አለው። መብራት ሲጠፋ ቀለበቱ ይሳባል፣ ከበሮው ከሳጥኑ ይላቀቃል፣ በሌላኛው ጫፍ ያለው መዘውር በእጅ ይዞራል። ቀለበቱ ከእሳቱ ራቅ ብሎ እንዲሆን እጅጌው ረዘም ተደርጓል። ባለቤቴ በጨለማ፣ በዳበሳ ቀለበቱን ስባ ከበሮውን ስታዞር አየኋት፤ ቡናው አላረረም።

ቆራጩ አሁንም ስለቱን እንደያዘ በዘይት በተነከረ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። በሞዱል 1.5 እስከሆነና ከዚሁ ዘንግ ጋር እስከዋለ ድረስ የፈለጉትን ያህል ጥርስ ያለው ጎማ ማውጣት ይችላል። ዶሮ የሚያረባ ጎረቤት መኖ የሚያደባልቅበት በርሜል በዝግታ እንዲዞርለት ጠይቆ ነበር። 40 ጥርስ ይበቃዋል፤ በደቂቃ 35 ዙር። የማዕከሎቹ ርቀት 39 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን፣ በሁለቱ መለኪያ ዘንጎች መካከል የሚገባው ቁራጭ 19 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይቆረጣል። የእንጨቱን ቅርጽ ልጁ እየሠራው ነው፤ ቶርኖዋ ላይም እሱ ይቆማል፣ ጋሼ በርጩማቸው ላይ ሆነው ያዩታል።